መብራቱ ሲጠፋ ውሃው የት ይሄዳል?

የመጋቢ ሚስት ብዕር ስታነሣ ስለ ጸሎት ወይም ስለ ትዳር ትጽፋለች ብላችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ቧንቧ ነው። የባሕር ዓሣና ኮራል በሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ ውሃው ወደ ታች ወርዶ፣ ተጣርቶ፣ ተመልሶ ወደ ላይ ስለሚወጣበት ቧንቧ። ለምን እንደሆነ ቀስ እያላችሁ ትደርሱበታላችሁ። በመካከሉ አንድ ልጅ አለ፣ አንድ አባት አለ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ አፏን የዘጋች እናትም አለች።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን 15 ዓመት ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከእኛ ጋር መነጋገር ተወ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ ታናናሾቹን ይጠብቃል፣ የታዘዘውን ያደርጋል። ነገር ግን «እንዴት ዋልክ?» ስንለው «ደኅና» ከሚለው ቃል ሌላ አይወጣውም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላችሁ እናቶች የምለውን ታውቁታላችሁ። ልጁ ቤት ውስጥ አለ፣ ግን የለም።

በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ባልቲሞር ከተማ የሚገኘውን ናሽናል አኳሪየም ሊጎበኙ ሄዱ። ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተ ሲሆን፣ በ2013 ደግሞ የኮራል ሪፍን የሚያሳይ ትልቅ ገንዳ ተጨምሮበታል። ገንዳው 260 ሺህ ጋሎን፣ በእኛ ልክ ወደ 980 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። ልጄ ያን ቀን ማታ እራት ላይ ተቀምጦ ከአርባ ደቂቃ በላይ ተናገረ። ሹካዬን አስቀምጬ ነው የሰማሁት። የጨው ውሃውን ከባሕር ሳይቀዱ ራሳቸው እንደሚያዘጋጁት ነገረን። ዓሦቹና ሻርኮቹ እውነተኛ ቢሆኑም ኮራሎቹ ግን ሰው የሠራቸው መሆናቸውን ነገረን። «እኔ የምፈልገው ሕያው የሆነውን ነው» አለ በመጨረሻ።

አባቱ «እንጸልይበት» አለ። የመጋቢ ልጆች ይህ ቃል አንዳንድ ጊዜ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ልጄ ግን ያን በጋ የጎረቤት ሣር እያጨደ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ዕቃ እያጓጓዘ ገንዘብ አጠራቀመና ሁለተኛ እጅ የሆነ 75 ጋሎን ገንዳ ገዝቶ መጣ። ወደ 284 ሊትር መሆኑ ነው። ቤዝመንታችን ውስጥ፣ የዓርብ የጸሎት ኅብረት በሚደረግበት ክፍል ጥግ አስቀመጠው። ሥራው ርካሽ ነው ብዬ አላታልላችሁም፤ መብራቱ፣ ጨዉ፣ ፓምፑ ሁሉ ገንዘብ ነው። ግን ልጁ በራሱ ላብ ስለገዛው እኛም ምንም ማለት አልቻልንም።

የማይራመድ እንስሳ

ብዙዎቻችን ኮራልን ድንጋይ ወይም ተክል አድርገን እናስበዋለን። ኮራል እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ጥቃቅን አካል አንድ አፍና በዙሪያው የሚይዝባቸው ቀጫጭን ክንዶች አሉት፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ እያበጀ ቤቱን ይሠራል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱ ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፣ እርሱ መጠለያ ይሰጣቸዋል። የኮራል ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍኑም፤ ሆኖም ከሚታወቁት የባሕር ፍጥረታት ዓይነቶች ሩብ ያህሉ ኑሯቸው ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከምጽዋ ማዶ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ኮራል አለ።

ኮራል እግር የለውም። ምግቡን ፍለጋ አይሄድም፣ ከቆሻሻው አይሸሽም። ኦክስጅኑም ምግቡም በውሃ ይመጣለታል፤ ያስወገደውም በውሃ ይሄድለታል። ውሃው ከቆመ ደቃቁ ቆሻሻ ሥጋው ላይ ይረጋና ያበሰብሰዋል። ባሕር ላይ ይህን ሥራ ማዕበሉና ሞገዱ ይሠሩታል። ቤት ውስጥ ግን ሰው ራሱ ማዕበል ማዘጋጀት አለበት።

ልጄ እንዳስረዳኝ የውሃው እንቅስቃሴ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገንዳው ውስጥ ያለው ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚለጠፉ ትናንሽ ማዕበል ሠሪዎች ውሃውን ያናውጡታል። ለብዙ ኮራሎች በሰዓት ከገንዳው ይዘት 20 ጊዜ እስከ 40 ጊዜ የሚሆን ውሃ እንዲንቀሳቀስ ይፈለጋል። ሁለተኛው ከላይኛው ገንዳ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛውም ወደ ላይ የሚዞረው ነው። ታችኛው ገንዳ ሳምፕ ይባላል፤ ከላይኛው ሥር ካቢኔው ውስጥ ይቀመጣል። ማጣሪያው፣ ማሞቂያው፣ ቆሻሻን በአረፋ ለይቶ የሚያወጣው መሣሪያ ሁሉ እዚያ ነው። ለዚህኛው ዙር በሰዓት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃል፤ ለእኛ ገንዳ በሰዓት 1,100 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ትልቅ ፓምፕ ገዝተው ሁለቱንም ሥራ በእርሱ ሊያሠሩ ይፈልጋሉ። ውጤቱ ጩኸትና ሙቀት ነው።

ሕዝቅኤል ምዕራፍ 47 ላይ ከቤተ መቅደሱ ሥር የወጣው ውሃ ወደ ጨው ባሕር ሲገባ ባሕሩ እንደሚፈወስ እናነባለን። እዚያው ላይ ግን ረግረጉና እቋሪው እንደማይፈወስ፣ ለጨው እንደሚተው ተጽፏል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ በዚህ ክፍል ላይ ወረቀት ጽፌ ነበር፤ ስለ ረግረጉ ግን ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ አለፍኩ። የልጄን ገንዳ ካየሁ በኋላ ያ ወረቀት ተመልሶ ቢሰጠኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። ሙት ባሕር ዛሬም 34 በመቶ ያህሉ ጨው ነው፤ ዮርዳኖስ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ግን የለውም። የዚህን ስብከት ስንት ጊዜ እንደሰማችሁ ስለማውቅ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ቤንዚን በጎማ እንደ መሳብ

ከበርሜል ቤንዚን በጎማ ሲቀዳ ያያችሁ ሁሉ ሳይፎንን ታውቁታላችሁ። ሰውየው የጎማውን አንድ ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ይከታል፣ ሌላውን በአፉ ይስብና ዝቅ አድርጎ ጀሪካኑ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው ይፈሳል። የሚቆመው በርሜሉ ውስጥ ያለው ጫፍ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው።

የልጄ የመጀመሪያ አሠራር እንዲህ ነበር። የላይኛው ገንዳ ጥግ ላይ ከላይ ጥርስ ያለው ሳጥን አለ። ውሃው በጥርሶቹ መሐል ተንሸራቶ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ በውስጡ ባለው ቧንቧ ወደ ሳምፑ ይወርዳል። ከሳምፑ ፓምፑ ገፍቶ በሌላ ቧንቧ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ልጄ የመመለሻውን አፍ ከውሃው ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አስገብቶት ነበር፤ ከድንጋዮቹ ሥር ያለውን ውሃ እንዲያንቀሳቅስለት ነው። ፓምፑ እየሠራ ሳለ ምንም ችግር የለበትም። ፓምፑ ሲቆም ግን ያ ቧንቧ የቤንዚን ጎማ ይሆናል። ውሃው በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወርዳል፤ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስም አይቆምም።

ሒሳቡን ከተቀመጣችሁበት ልትሠሩት ትችላላችሁ። ገንዳው 122 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 46 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ውሃ 5.6 ሊትር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ 84 ሊትር ይሆናል። ሳምፑ 76 በ30 ነው፣ ቁመቱ 46፤ ሲሠራ ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። የቀረው ባዶ ቦታ 36 ሊትር ብቻ ይይዛል። ሌላው የት ይሄዳል? ምንጣፍ ላይ።

ይህን ሒሳብ ያን ጊዜ ማናችንም አልሠራነውም። ልጄ ብቻውን ነበር የሚሠራው። አባቱ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው፣ ለሙሉ ጊዜ አገልግሎት ከመጠራቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአጎቱ ጋር የቧንቧ ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ቤዝመንቱ ድረስ አሥራ ሦስት ደረጃ ነው። አልወረደም። እኔም «ውረድና እይለት» አላልኩትም።

የዓርቡ ጸሎት

ያ አሠራር አንድ ሌላ ጉድለት ነበረው፤ ይጮኻል። በአንድ ቧንቧ ውስጥ ውሃና አየር አብረው ሲወርዱ ጉርጉር የሚል ድምፅ ያሰማሉ። የኅብረቱ ሰዎች ታግሠውታል፤ አንዲት እናት ግን አንድ ቀን «ሽንት ቤታችሁ ይፈሳል እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የካቲት ወር አንድ ዓርብ ማታ ነው። ክፍሉ ሞልቷል፣ ለታመመች እኅት በጉልበታችን ተንበርክከን እንጸልያለን። ድምፁ አላስጸልይ አለኝ። ቀስ ብዬ ተነሣሁና የፓምፑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ጸጥ አለ። ጥሩ አደረግሁ ብዬ ተመልሼ ተንበረከክሁ።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከገንዳው አጠገብ የነበረ ወንድም ጸሎቱን አቋርጦ ብድግ አለ። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ርሷል። ዓይናችንን ስንገልጥ የጨው ውሃ በምንጣፉ ላይ እየሄደ የኅብረቱን ጊታር ደርሶበት ነበር። ሁሉም ፎጣ ፍለጋ ሲሯሯጥ እጄ ሄዶ ገመዱን ሶኬቱ ላይ መልሶ ሰካው። ማንም አላየኝም።

ባለቤቴ በምእመናን ፊት አፈረ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ልጁን ጠርቶ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ቃል ተቆጣው። «አንተ የጀመርከውን ሁሉ በግማሽ ትተወዋለህ» አለው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ይህን ነገር ሸጠህ ከቤቴ አውጣልኝ።» ልጄ «እሺ አባ» አለ። ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ምንጣፍ እየጨመቅሁ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

እኅቶቼ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። በሰው ፊት ስለሆነ ነው እንዳልል፣ ሰዎቹ ሄደዋል። ባሌን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ባሌ የሚፈራ ሰው አይደለም። እኔ በእሑድ ትምህርት ቤት ልጆችን ስለ እውነት የማስተምር ሴት ነኝ። ያን ማታ የተናገርኩት ውሸት አልነበረም፤ ምንም አልተናገርኩም፤ በዚያው ተሸሸግሁ።

ልጄ በማግሥቱ ጨውና ንጹሕ ውሃ አዘጋጅቶ የጎደለውን ሞላ። ከዚያም ቀዳዳ መፈለግ ጀመረ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባትሪና ለስላሳ ወረቀት ይዞ ይወርዳል፤ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በወረቀት ይነካል፣ ወረቀቱ ረጠበ ወይ ብሎ በብርሃኑ ያያል። ደረቅ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስድስት ቀን የሌለ ቀዳዳ ፈለገ። ገዢ ደግሞ ተገኝቶ ለቅዳሜ ቀጠሮ ተይዟል።

ሐሙስ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሣ ከታች ብርሃን አየሁ። ወረድሁ። በሆዱ ተኝቶ ካቢኔው ውስጥ ገብቷል፣ እግሩ ብቻ ይታያል። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁና ነገርኩት። ዝም አለ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን ቀስ ብሎ ወጣና «ለስንት ደቂቃ ነው የነቀልሽው?» አለኝ። «አሥር ደቂቃ ይሆናል» አልኩት። እያሰላ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁ። «እማ፣ መብራት ቢጠፋም እኮ ያው ነበር» አለ። «አንቺ ባትነቅይው አንድ ቀን ዝናብና ነፋስ ይነቅለው ነበር። አሠራሩ ነው የተሳሳተው።»

ይህን ለእኔ ማምለጫ አድርጌ አልወሰድሁትም። ወጥቼ ባለቤቴን ቀሰቀስሁት። ሰምቶኝ ሲጨርስ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ወረደ። ከደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ። አባት ልጁን «ይቅር በለኝ» ሲል በአገራችን ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ እኔ በአባቴ ቤት አንድም ቀን አልሰማሁትም። ባለቤቴ አለ። ሁለት ጊዜ አለ፤ በመጀመሪያው ልጁ ሳያስጨርሰው «ምንም አይደለም» ስላለው «አይደለም፣ ነገር ነው፤ ልጨርስ» አለው።

ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከዚያም የባለቤቴ ድምፅ፣ «እስቲ ይህ ጎሚቶ ለምን እዚህ ገባ?»

ጎሚቶና ሳራቺኔስካ

የአዲስ አበባ የቧንቧ ሠራተኛ ክርኑን ጎሚቶ፣ በመዘውር የሚዘጋውን ቫልቭ ሳራቺኔስካ ይለዋል፤ ከጣሊያን ቋንቋ የቀሩልን ቃላት ናቸው። ልጄ ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ነው የሚያውቃቸው። ሦስት ቅዳሜ አብረው ሲሠሩ አንዱ ለሌላው እያስተረጎመ ነበር። የሠሩትን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ መካከል ልጁ እንዲህ ያለ ሥራ የጀመረ ካለ ይጠቅመዋል።

ጥጉ ላይ ባለው ሳጥን ሥር ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ፣ አንዱ ጠበብ ያለ፣ አንዱ ሰፋ ያለ። ጠባቡን መውረጃ አደረጉት። ከሥሩ ሳራቺኔስካ ገጠሙለትና ቧንቧው ጢም ብሎ እስኪሞላ ድረስ ቀስ እያሉ ጠበቡት። አየር ስለማይገባበት ድምፅ የለውም። እኔ ገመድ ነቅዬ ያመጣሁት ጸጥታ ለካ በአንድ መዘውር የሚገኝ ነበር። በአንድ ሩብ ዙር የሚዘጋው ባለ እጀታ ቫልቭ ለዚህ አይመችም፤ በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል የሚቻለው በሳራቺኔስካ ነው። ሰፊውን ቀዳዳ ደግሞ ለክፉ ቀን ተዉት። በእርሱ ላይ የቆመው ቧንቧ ከመውረጃው ከፍ ያለ ነው፤ በዘወትር ጊዜ ደረቅ ነው። አንድ ቀንድ አውጣ ወይም የአልጌ ጉንጉን መውረጃውን ቢዘጋው ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ከፍ ብሎ በዚያ ይወርዳል። በዚህኛው ቧንቧ ላይ ምንም ዓይነት ቫልቭ አይገጠምም። «ለምን ሰፊው ሥራ ፈትቶ ይቆማል?» ብዬ ጠይቄአለሁ። ባለቤቴ «የክፉ ቀኑ ሁሉንም ብቻውን መሸከም አለበት» አለኝ።

መመለሻውን ከሥር መግባቱን ትተው በገንዳው ጠርዝ ላይ አሳለፉት፤ አፉ ከውሃው ወለል 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚገባው። አሁን ፓምፑ ሲቆም ከገንዳው 11 ሊትር ያህል ይወርዳል፤ ሳጥኑና ቧንቧው ውስጥ ያለው ሲጨመር 18 ሊትር ቢሆን ነው። ሳምፑ የዚህን እጥፍ ይችላል። ተጨማሪ ጥንቃቄ እንዲሆን ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ በመመለሻው ላይ አነስ ያለች ቀዳዳ በሱ፤ ውሃው ሲወርድ በእርሷ አየር ይገባና ሳይፎኑ ይበጠሳል። ቀዳዳዋ በአልጌ ስለምትደፈን በየጊዜው ትጸዳለች። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭም ይሸጣል፤ ነገር ግን በጨው ውሃ ውስጥ የኖራ ቅርፊትና አሸዋ በመዝጊያው መሐል ይገባና ሳይከደን ይቀራል። ቤታችሁን በእርሱ ላይ አትጣሉ።

የተቃራኒውንም አስበውበታል። ሁለቱም መውረጃ ቢዘጋ ፓምፑ ውሃ እየገፋ ላይኛውን ገንዳ ያፈስሰዋል? ፓምፑ ያለበት የሳምፑ የመጨረሻ ክፍል 25 በ30 ነው፤ ከፓምፑ አፍ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይቆማል። ሁሉም ወደ ላይ ቢሄድ 15 ሊትር ነው፤ ላይኛውን ገንዳ 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠርዙ 4 ሳንቲ ሜትር ትርፍ አለው። ስለዚህ ፓምፑ አየር ስቦ ይጮኻል፣ ቤቱ ግን ደረቅ ነው። በነገራችን ላይ ውሃ ሲተን የሚጎድለው ይህ ክፍል ብቻ ነው። ጨው ስለማይተን የተነነውን በንጹሕ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አትተኩ። የጨዉ መጠን በሺህ 35፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይሁን።

ስለ ፓምፕም አንድ ነገር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይወጣ የሚሰጠው ነው። ውሃውን 1 ሜትር ከ40 ሽቅብ ሲያወጣ፣ ጎሚቶ ሲበዛበት ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ባለቤቴ አንድ ድፍን ጎሚቶ አውጥቶ በሁለት ግማሽ ጎሚቶዎች ተካው፤ ውሃው በለሰለሰ መታጠፊያ ሲሄድ ጉልበት አያባክንም። ከፓምፑ አጠገብም የሚፈታ ዩኒየን አደረጉ፤ ፓምፑ በየጥቂት ወሩ ወጥቶ በኮምጣጤ ይታጠባል፣ ለዚህ ብሎ ቧንቧ የሚቆርጥ ሰው ይጸጸታል።

ማጣበቁ ላይ ልጁ ነው አስተማሪ የሆነው። የባለቤቴ ዘመን ቧንቧ ብረት ነበር፤ በካንጃና በቴፍሎን የሚጠበቅ። ፕላስቲኩ ግን ሙጫው ራሱ ፕላስቲኩን አቅልጦ አንድ ያደርገዋል፤ ከተያዘ በኋላ መፍታት የለም። ስለዚህ ሁሉንም ሳያጣብቁ ደረቅ ገጠሙት፣ በእርሳስ ምልክት አደረጉ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ማጽጃ ቀብተው፣ ሙጫውን ቀብተው፣ ሩብ ዙር እያዞሩ አስገብተው ግማሽ ደቂቃ ያዙት። መስኮት ተከፍቶ፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከዕቃ መደብር ቢጫ የናስ ሳራቺኔስካ ገዝቶ መጣ። «ይህ ዕድሜ ልክ ነው» እያለ። ልጁ ተቀብሎ አመሰገነውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ናስ መዳብ አለበት፤ መዳብ ጥቂቱ እንኳ ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል። አባቱን ይህን ሲነግረው የተጠቀመበትን ትሕትና ሳይ፣ ይህ ልጅ መናገር መቼ ተማረ ብዬ ተደነቅሁ። ያ ሳራቺኔስካ አሁንም አለ፤ የባለቤቴ የወረቀት መጫኛ ሆኗል።

ስለ ኤሌክትሪክ አጭር ነገር ልናገር፣ የሰው ሕይወት ነውና። ከገንዳ የሚመጣ ገመድ ሁሉ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ከታች ይንጠባጠባል። ሶኬቱም ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲሸሽ በቅጽበት ራሱን የሚያቋርጥ ይሁን። አዲስ አበባ ያላችሁ ይህን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛችሁ ጠይቁ። መብራት መጥፋቱንስ እኔ ለእናንተ ልነግራችሁ አልችልም፤ ዓሣ የምታረቡበት የወንዝ ውሃ ገንዳ ቢሆንም ሒሳቡ ያው ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሥራው አለቀ። ዓሦቹንና ኮራሎቹን በማሞቂያና በማዕበል ሠሪ ሌላ ዕቃ ውስጥ አቆይተዋቸው ነበር፤ አዲሱን ቧንቧ በተራ ውሃ ሞልተው አንድ ቀን ከሌሊቱ አዞሩት። ልጄ በለስላሳ ወረቀት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ነካ፣ በዚህ ጊዜ አባቱ ባትሪ ያዘለት። ደረቅ ነበር። የሳምፑ መስታወት ላይ ውሃው ሲሠራ የሚቆምበትን በቴፕ ምልክት አደረጉ።

እኔ ሻይ ይዤ ወረድሁ። «እማ፣ ነይ» አለኝ ልጄ። ወደ ሶኬቱ አመለከተ። «አንቺ ንቀዪው።»

ባለቤቴን አየሁት። አንገቱን ነቀነቀ። ትሪውን አስቀምጬ ተንበረከክሁና ገመዱን ያዝሁት። ያን ዓርብ የያዝሁት ያው ገመድ ነው። ነቀልኩት። ፓምፑ ዝም አለ፣ ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ሹልክ እያለ መውረድ ጀመረ። የሳምፑ ውሃ ከቴፑ በላይ ሆነ፣ ሁለት ጣት፣ አራት ጣት። ማንም አልተናገረም። ከላይ ከመመለሻው አፍ አንድ ጊዜ አየር ሲሳብ ተሰማ፣ ከዚያ ውሃው ባለበት ቆመ። ልጄ ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ከጠርዙ 8 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ጋት ያህል ቀርቶታል።

«መልሺው» አለኝ። መልሼ ሰካሁት። «አሁን እንደገና ንቀዪው።»

አምስት ጊዜ አስነቀለኝ።